አመዳይ የያዘው ካርቡሬተር

ቮልሷ ጋሼ ግቢ ውስጥ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆማ ሦስት ክረምት አሳልፋለች። ጋሼ የምላቸው የሥጋ ዘመዴ ሆነው አይደለም፤ ደባርቅ ውስጥ ፊዚክስ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። ጡረታ እንደወጡ ከጎንደር የገዟት፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ቀለሟ የነተበ አሮጌ መኪና ናት። አንድ ዓመት ያህል እስከ ዳባት፣ አንዳንዴም እስከ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሲነዷት አይቻለሁ። ከዚያ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅልላት ካርቡሬተሯ አረጀ። አንድ መካኒክ ሊፈታው ሲታገል አፉን ሰነጠቀው። መለዋወጫ ጎንደር ጠየቁ፣ አዲስ አበባም በሰው አስጠየቁ፤ የተገኘው ሁሉ ከእሱ የባሰ ያረጀ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ከዋናው መንገድ ዳር የራሴን ጋራዥ ከከፈትኩ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጋራዥ እንበለው እንጂ አንድ የቆርቆሮ ዳስ፣ አንድ የብየዳ ማሽንና የእኔ ሁለት እጆች ነበሩ። የሚመጣልኝ ሥራ በአብዛኛው ባጃጅና ሞተር ሳይክል ስለነበር የእነሱን ካርቡሬተር ዓይኔን ጨፍኜ መፍታትና መግጠም ለምጃለሁ። አንድ ቀን ጋሼ መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

“አንተ፣ እቺን መኪና ዝም ብለህ ነው የምታልፋት?”

“ካርቡሬተር የላትማ ጋሼ።”

“የሌለውን ተወው። ያለውን ንገረኝ።”

ያለው ምንድን ነው ብዬ ሳስብ ሰነበትኩ። መልሱን ያገኘሁት ጎንደር፣ ቁርጥራጭ ብረት የሚሸጥበት ግቢ ውስጥ ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ሞተር ሳይክሎች ጎን ለጎን ወድቀዋል፤ የግብርና ባለሙያዎች ገጠር ለገጠር ሲዞሩባቸው የኖሩ ናቸው። ጎማቸው የለም፣ መቀመጫቸው የለም፣ ካርቡሬተራቸው ግን ደህና ነው። የቮልስ ሞተር አራት ሲሊንደር አለው፤ ሁለቱ በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ። አንዱን ካርቡሬተር ለግራው፣ ሌላውን ለቀኙ ብሰጠውስ አልኩ። እዚያው ቆሜ ልቤ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ማንም ያላሰበውን ያሰብኩ መሰለኝ።

ሁለቱንም በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ጋሼ ግቢ ስገባ የተቀበሉኝ ባለቤታቸው ናቸው። እኛ እትዬ እንላቸዋለን። ከረጢቱን ከፍተው አዩ፤ በጣታቸውም አልነኩት።

“ይኼ ነው የሚገባላት?”

“አዎ እትዬ። ትንሽ ቢመስልም ሁለት ነው።”

“ልጄ” አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ይቺ መኪና እስከ ቆመች ድረስ ማንንም አልገደለችም።”

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። የድሮውን ካርቡሬተር ከነቧንቧዎቹ ቆርጬ ጣልኩት። ከሞተሩ ጋር የሚገናኘውን ጠፍጣፋ ብረት ጎንደር ቶርኖ ቤት አስቆረጥኩ። በላዩ አጭር የብረት ቧንቧ በየድኩ። ካርቡሬተሩ እንዳይንቀጠቀጥ፣ በቧንቧውና በእሱ መካከል ከአሮጌ የጭነት መኪና ራዲያተር የወጣ የጎማ ቱቦ አስገባሁ። ከነዳጅ ፔዳሉ የሚመጣውን ኬብል ለሁለት ከፍዬ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ሁለቱም ካርቡሬተሮች እኩል እንዲከፈቱ አደረግሁ። የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ውስጡ ጣት የሚያክል፣ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ያለ ተንሸራታች አለው። ኬብሉ ሲስበው ወደ ላይ ይወጣል፣ ሞተሩም አየርና ቤንዚን ያገኛል። ኬብሉ ሲለቀው ሞላው ወደ ታች ይመልሰዋል፣ ሞተሩም ይረጋጋል። ያ ተንሸራታች ካልተመለሰ ግን ሹፌሩ እግሩን ቢያነሳም ባያነሳም ለሞተሩ ለውጥ የለውም።

በመንገዱ ማዶ የሚሠሩት ነባር መካኒኮች አንድ ሁለት ጊዜ መጥተው አዩኝ። አንደኛው ሽማግሌ፣ “የዶሮ ሳንባ ለበሬ” ብሎ ሄደ። የሰማው ሁሉ ተሳሳቀ። ያቺ ቃል ውስጤ ቀረች። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ለጋሼ ብቻ አልነበረም፤ እነዚያን ሰዎች ዝም ለማሰኘትም ነበር።

መጀመሪያ ስትነሳ ጥቁር ጭስ ተፋች። ቤንዚኑን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ስፈታቸው ጥላሸት ለብሰዋል። ጋሼ በርጩማ አምጥተው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር።

“ደባርቅ ከፍታ ላይ ነው” አሉኝ። “አየሩ ስስ ነው። ያንኑ ቤንዚን በስስ አየር ስትሰጣት ታንቃታለህ። ቀንስላት።”

ቀነስኩ። ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ናስ ጠባብ ቀዳዳ ባላት ለወጥኩ፣ ተንሸራታቹ ላይ የተሰካችውን የቤንዚን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ አደረግሁ፣ ካንዴላው ቡናማ ሆኖ እስኪወጣ ደጋገምኩ። ከዚያ ሁለቱን ማስተካከል ቀረ። የአንድ ቀጭን ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ውስጥ፣ ሌላውን በግራው ካርቡሬተር አፍ አድርጌ አየሩ ሲገባ ያለውን ሹክሹክታ እሰማለሁ፤ ከዚያ ቀኙን እሰማለሁ፤ የጮኸውን ዝቅ፣ ያነሰውን ከፍ አደርጋለሁ። ሁለቱ አንድ ድምፅ ሲሆኑ ሞተሩ ልክ እንደ ሰው ትንፋሹን መልሶ ረጋ። ጋሼ ከበርጩማቸው ተነስተው ጨበጡኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከገደሉ እየወጣ ከተማዋን ይሸፍናታል። ማክሰኞ ዕለት ልሞክራት ብዬ ብቻዬን ወደ ዳባት ነዳኋት። ስሄድ ፀሐይ ነበር፤ እንደ አዲስ ሮጠች። ዳባት ደርሼ ስመለስ ጉም ውስጥ ገባሁ። መብራቴን አብርቼ፣ ፍጥነቴን ሳልቀንስ ሳልጨምር ጥቂት ነዳሁ። ደባርቅ መግቢያ ላይ በጎች መንገዱን ሲያቋርጡ እግሬን ከፔዳሉ አነሳሁ።

መኪናዋ አልቀነሰችም።

ፔዳሉን በጫማዬ ጫፍ ወደ ላይ ሳብኩት፤ ነፃ ነው። ፍሪሲዮን ስረግጥ ሞተሩ ከጎማው ተላቅቆ ጮኸ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም፤ ከኋላዬ አንድ ነገር የሚታረድ ነው የመሰለኝ። ቁልፉን አጠፋሁ፣ ፍሬን ያዝኩ፣ ከበጎቹ ሁለት ክንድ ርቄ ቆምኩ። እረኛው ሰደበኝ። ወዲያው አልወረድኩም። ሲጋራ የማጨስ ሰው ብሆን አንዱን ጨርሼ የምነሳበትን ያህል ተቀምጫለሁ።

ከዚያ ወርጄ የኋላ ኮፈኑን ከፍቼ ኬብሉን በእጄ ሳብኩ፣ ለቀቅሁ። ተንሸራታቾቹ ሁለቱም ቀጭ ብለው ተመለሱ። ደግሜ ሞከርኩ፤ አሁንም ቀጭ። ምንም የለም። ያየሁት ነገር ቢኖር ቧንቧዎቹ ላብ እንዳላበው ግንባር እርጥብ መሆናቸውን ነው። ጉሙ ነው ብዬ በጨርቅ ጠረግኋቸው።

እስከ ጋሼ ግቢ በቀስታ ወሰድኳት። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

“አበደች አሉ?”

“ትንሽ ያዝ አድርጓት ነው።”

“ምኑን? አገኘኸው?”

አጠገባችን ያ “የዶሮ ሳንባ” ብሎኝ የሄደው ሽማግሌ መካኒክ ቆሟል። እንዴት እንደመጣ አላውቅም፤ ግን ቆሟል፤ እያየኝ ነው።

“አገኘሁት ጋሼ” አልኩ። “ኬብሉ ነው። ደርቆ ተይዞ ነው። ዘይት አጠጥቼዋለሁ።”

ዘይት አላጠጣሁትም ነበር። በኋላ ማንም ሳያየኝ አጠጣሁት፤ ውሸቴ ግማሹ እንኳ እውነት እንዲሆን። ሐሙስ ጠዋት መኪናዋን ይዤ በጉም ውስጥ ከተማዋን ስዞር ደግሞ አንዴ፣ ለአጭር ጊዜ፣ እግሬን ካነሳሁ በኋላ ያዝ አድርጎ ለቀቃት። ለማንም አልተናገርኩም። በመንገዴ ጋሼ ግቢ ፊት ለፊት ሳልፍ ፊቴን አዙሬ ማለፍ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ጋሼ ራሳቸው ጋራዡ ድረስ መጡ። ታላቅ እህታቸው ዛሪማ ነው የሚኖሩት፤ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ቆላው ላይ። ጎረቤት ደውሎ እግራቸው ማበጡን፣ ትንፋሽ ማጠሩን ነግሯቸዋል። የዚያ ሰሞን ነዳጅ ጠፍቶ ሚኒባሶቹ ቆመዋል። ጋሼ ግን ለክፉ ቀን ያስቀመጡት አንድ ጀሪካን ቤንዚን ነበራቸው።

“ወርጄ አመጣታለሁ። ሐኪም ቤት እዚህ ይሻላታል” አሉኝ። “መኪናዋ ደህና ናት አይደል?”

አሁን ሳስበው፣ ልናገር የምችልበት ሰዓት ያ ነበር። ሊማሊሞ ማለት ተራራው ከተፈለጠበት አፋፍ ጀምሮ በጥምዝምዝ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ ነው። በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ወገን ባዶ። ሹፌሩ እግሩን ሲያነሳ የማትቀንስ መኪና ይዞ እዚያ መውረድ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

“ደህና ናት” አልኩ። ወዲያው ጨመርኩ፤ “ግን እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ።”

ጋሼ በደስታ ትከሻዬን መቱኝ። ለእርዳታ የመጣሁ መስሏቸዋል። ግቢያቸው ስንደርስ እትዬ በሩ ላይ ቆመው አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ መኪናዋን አዩ። “ሌላ መኪና ይፈለግ” አሉ። ጋሼ ሞተሩን አስነሱ። ስንወጣ በእጃቸው ሲያማትቡ በመስታወት አየሁ።

ከከተማው ስንወጣ ጉሙ ወፍራም ነበር። ጋሼ ነጂ፣ እኔ ጎናቸው። መስኮቱ ላይ ጤዛ እየሮጠ ይወርዳል። እሳቸው ስለ እህታቸው ያወሩኛል፤ በልጅነታቸው እንዴት አዝለዋቸው ወንዝ ያሻግሯቸው እንደነበር። እኔ የምሰማው ሞተሩን ብቻ ነበር። እኩል ነው፣ የተረጋጋ ነው። ምናልባት ዘይቱ በእርግጥ ሠርቶ ይሆናል ብዬ ራሴን ማታለል ጀምሬአለሁ።

አፋፉ ላይ ደርሰን መንገዱ ወደ ታች አዘነበለ። ጋሼ የመጀመሪያውን ጥምዝ አይተው እግራቸውን አነሱ።

“ምንድን ናት?” አሉ።

አልቀነሰችም። ቁልቁለቱ ደግሞ ይገፋታል። ፍሬን ያዙ፤ ሞተሩ ከፍሬኑ ጋር እየታገለ ወደፊት ይጎትተናል። የመጀመሪያውን ጥምዝ እንዴት እንደዞሩት አላውቅም፤ ጎማው በጠጠር ላይ ሲንሸራተት፣ በእኔ በኩል ባለው መስኮት ከጉም በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ከዚያ በደመ ነፍስ ፍሪሲዮኑን ረገጡ። ጩኸቱ ተነሳ። ከፊታችን፣ ከጉሙ ውስጥ፣ አህዮች የጫኑ ሦስት ገበሬዎች ብቅ አሉ።

“ጋሼ ወደ ግድግዳው!” ብዬ ጮህኩና እጄን በመሪው ሥር አሳልፌ ቁልፉን አጠፋሁ።

ጩኸቱ በአንዴ ጠፋ። ጋሼ መሪውን ወደ ተራራው ወገን ጠመዘዙት። የፊት ጎማው የጎርፍ መሄጃው ቦይ ውስጥ ገባ፣ መኪናዋ ጎኗን ከድንጋዩ ጋር ፈትጋ ቆመች። ግንባሬን መስታወቱ መታኝ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ፤ የአህዮቹ ኮቴ ብቻ ይሰማል።

“ተርፋችኋል?” አለ አንዱ ገበሬ በመስኮት አጎንብሶ።

የጋሼ ሁለት እጆች መሪው ላይ ደርቀዋል። እኔ ግን ዘልዬ ወረድኩ። ማክሰኞ ዕለት ተቀምጬ ያባከንኳት ደቂቃ ትዝ አለችኝ፤ አሁን አልጠበቅሁም። ሮጬ ኮፈኑን ከፈትኩ።

ካርቡሬተሮቹ ነጭ ነበሩ።

መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩም። ሞተሩ እጅ የሚፈጅ ትኩስ ነው፤ ከላዩ የተቀመጡት ካርቡሬተሮችና ቧንቧዎች ግን ዙሪያቸውን በስስ ነጭ ነገር ተሸፍነዋል። ጣቴን ሳስጠጋ ተጣበቀብኝ። ገበሬው ከኋላዬ መጥቶ አየ።

“አመዳይ!” አለ። የስሜን ተራራ አፋፍ ላይ ያደገ ሰው አመዳይ አይስትም። “በስመ አብ! አመዳይ ከእሳት ላይ?” ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ጋሼ ቀስ ብለው ወርደው መጡ። ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ። ነጩ ነገር በዓይናችን ፊት መቅለጥ፣ ወደ ውኃ መለወጥ ጀምሯል። ማክሰኞ ዕለት ላብ የመሰለችኝ እርጥበት የቀለጠ አመዳይ እንደነበረች አወቅሁ። ኬብሉን ሳብ አድርጌ ስለቅቀው ተንሸራታቹ መጀመሪያ አልመጣም፤ ከዚያ ቅርፍ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ቀጭ ብሎ ተመለሰ።

“ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይወስዳል” አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው የክፍል ውስጥ ድምፃቸው ነበር። “ክፍል ውስጥ እጃችሁ ላይ ጠብ አድርጌላችሁ አልነበር? ቀዘቀዘን አላላችሁም? የድሮው ካርቡሬተር ከሥሩ የጭስ ሙቀት የሚያልፍበት ቧንቧ ነበረው። አንተ ያንን ቆርጠህ ጣልከው፤ እኔም ቆሜ አየሁህ። ጉሙ ውስጥ ያለው ውኃ እዚያ ገብቶ በረዶ ሠርቶ ነው የያዘው።”

“ጋሼ” አልኩ። “ማክሰኞ ዕለት አላገኘሁትም ነበር። ኬብሉ አልነበረም። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው አገኘሁት ያልኩዎት። ሐሙስም ደግሟት ነበር።”

ገበሬዎቹ ወደ አህዮቻቸው ዞሩ። ጋሼ አላዩኝም። ቦዩ ውስጥ የገባውን ጎማ ነበር የሚያዩት። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

“እህቴ ትንፋሽ አጥሯታል” አሉ በመጨረሻ። “ወደ ታች ስንወርድ ይሞቃል፤ በረዶ አይኖርም። ቁልፉ ላይ እጅህን አድርግ። ቁም ስልህ ሳትጠይቀኝ አጥፋ።”

ገበሬዎቹ በትከሻቸው ገፍተው አወጡን። በአንደኛ ማርሽ፣ እጄን ከቁልፉ ሳላነሳ፣ ጥምዙን አንድ በአንድ ወረድን። ከጉሙ ስንወጣ ከሥራችን ቆላው ተዘርግቶ ታየን፤ ደስ ሊለን ሲገባ ደስ አላለንም። እንዲህ ዛሪማ ደረስን።

ታች ሌላ ጣጣ ጠበቀን። ለስሱ የደባርቅ አየር የቀነስኩት ቤንዚን ለቆላው ወፍራም አየር አነሳት፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ጋለ፣ በካርቡሬተሮቹ አፍ ጠስ ጠስ እያለ ይተፋ ጀመር። ካንዴላዎቹን ብፈታ ነጭ ሆነዋል። ትንሽ ብንቀጥል ፒስተን ይበሳ ነበር። መርፌዎቹን አንድ እርከን ከፍ አደረግሁ። ከዚያ ከአንድ ሱቅ ሁለት ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ለምኜ፣ በመቀስ ቆርጬ፣ ከጭስ ማውጫው ዙሪያ የሞቀ አየር ወደ ካርቡሬተሮቹ አፍ የሚያደርስ ቱቦ ሠራሁ፤ በሽቦም አሰርኩት። መልኩ ያስጠላል። እጄም ሦስት ቦታ ተቆርጧል።

የጋሼ እህት ከቤታቸው በራፍ በወንበር ተቀምጠው ሥራዬን ሲያዩ ቆዩ። እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባላቸውም፤ ሲናገሩ በየቃሉ መሐል ያርፋሉ።

“አንተ ነህ… የሠራሃት?”

“እኔ ነኝ እማማ።”

“ታምናታለህ?”

ጋሼ ከኋላቸው ቆመዋል። ሁለተኛ ጊዜ መዋሸት አልቻልኩም።

“አላምናትም እማማ። የሚይዛትን ግን አሁን አውቄዋለሁ።”

ወንድማቸውን ዞረው አዩ። “በል ደግፈኝ፣ ልሳፈር” አሉ። “ይኼ… ባይፈራ ነበር… እኔ የምፈራ።”

የመልሱን መንገድ መውጣት የጀመርነው ከቀትር በኋላ ነው። እሳቸው ከኋላ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ “አቡነ ዘበሰማያት” ይላሉ፤ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ያቋርጣሉ፤ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። መንገዱ አጋማሽ ላይ ቆመን መርፌዎቹን መልሼ ዝቅ አደረግሁ። ቀና ስል ጉሙ ከአፋፉ ላይ እንደ ክዳን ተቀምጦ አየሁት። ወደ እሱ ነው የምንወጣው።

ገባንበት። ብርሃኑ ጠፋ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተዋል፤ እኔ ጣቶቼ ቁልፉ ላይ ናቸው። አንድ ጥምዝ ዞርን። ሁለት። ሦስተኛው ላይ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፤ በስተግራ ያለው ከቀኙ መለየት ጀመረ። ሌላ ሰው አይሰማውም ነበር፤ ያንን ድምፅ በቱቦ ስሰማ ስለሰነበትኩ እኔ ሰማሁት።

“አጠፋሁ” ብዬ አጠፋሁት።

ጋሼ አልተከራከሩኝም። ወርጄ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረግሁ። ኮፈኑን ስከፍት በስተግራ ያለው ቆርቆሮ ሽቦው ላልቶ ወደ ጎን ወድቋል፤ ካርቡሬተሩ ዙሪያውን መንጣት ጀምሯል። በስተቀኝ ያለው ግን ደረቅ ነው፤ እጄን ሳስቀምጥበት ለብ ብሏል። በሁለት እጄ ግራውን ጨብጬ ያዝኩት። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። እስኪቀልጥ አልለቀቅሁትም። ቆርቆሮውን ሁለት እጥፍ ሽቦ አስሬ ስገባ እማማ የጋቢያቸውን ጫፍ ዘርግተው፣ “እጅህን… አስገባ” አሉኝ። ደባርቅ እስክንገባ አንድ እጄ ቁልፉ ላይ፣ አንድ እጄ ጋቢያቸው ውስጥ ነበር።

እማማ ተሻላቸው። ልባቸው ደክሞ ነበርና መድኃኒት ጀመሩ፤ ወደ ዛሪማም አልተመለሱም። ወንድማቸው ቤት ፀሐይ ሲሞቁ አያቸዋለሁ። ጋሼ ለሰው ሁሉ “መኪናዬ እህቴን አተረፈች” ይላሉ፤ ስለ ማክሰኞው ነገር ለማንም እንዳልተናገሩ አውቃለሁ። እኔን ግን ከዚያ በኋላ ስለ መኪናዋ ሲጠይቁኝ ሁለት ጊዜ ይጠይቁኛል። አንድ ጊዜ እንደ ድሮው፤ ከዚያ ፊቴን እያዩ፣ ደግመው።

በዓመቱ ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ተዉ፤ መኪናዋን ለአንድ የዳባት እህል ነጋዴ ሸጧት። ከማስረከባቸው በፊት የሞቀ አየር ቱቦውን በወፍራም ቆርቆሮ፣ በብየዳ፣ አሳምሬ ሠራሁት። ለነጋዴውም ኮፈኑን ከፍቼ አሳየሁት። “ይኼን እንዳይነኩት። ጉም ውስጥ የሚያድንዎት ይኼ ነው” አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ዓይኑ ግን ቀለሟ ላይ ነበር።

በቀጣዩ ክረምት በጎንደር መንገድ፣ ኮሶዬ ገደል አፋፍ ላይ ከመንገድ መውጣቷን ሰማሁ። የሰማሁት ሚኒባስ ውስጥ ነው፤ ረዳቱ ለሹፌሩ ሲያወራ። ጠዋት፣ ጉም ውስጥ፣ ጥምዙ ላይ ሳትቀንስ ቀጥ ብላ ሄደች አለ። አንድ ጥድ ባይዛት ኖሮ የት ትደርስ እንደነበር ኮሶዬን ያየ ያውቃል። ነጋዴው እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

በማግስቱ ዳባት ሄድኩ። የነጋዴው ግቢ ውስጥ መኪናዋ አዲስ ቀይ ቀለም ተቀብታ፣ ፊቷ ተጨፍልቆ ቆማለች። ኮፈኑን ከፈትኩ። የብየዳው ቦታ በመጋዝ ተቆርጧል፤ ቱቦው የለም። ነጋዴው እግሩ በጀሶ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ ነበር።

“ያንን ቆርቆሮ ምን አደረጉት?” አልኩት።

“ቀለም ቀቢው ነው ያነሳው። ያንኳኳ ነበር፣ መልኳንም አበላሸ። ምን አገናኘው? ፍሬኗ ነው የከዳኝ።”

አስረዳሁት። ስለ ሊማሊሞ፣ ስለ አመዳዩ፣ ሳላውቅ አውቃለሁ ማለቴንም ጭምር ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣

“ፍሬን ነው ወንድሜ” አለ። “በረዶ ሞተር ላይ አይወጣም። አንተም ራስህን አታስጨንቅ።”

ካርቡሬተሮቹን ፈትቼ ልውሰዳቸው ብዬ ለመንኩት፤ ማንም ደግሞ እንዳያስነሳት። “ምን ይሠሩልኛል፣ ውሰድ” አለኝ። ፈትቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሚኒባስ ወደ ደባርቅ ተሳፈርኩ። ውስጣቸው የቀረ ቤንዚን ኖሮ ጨርቁን አርሶ ሱሪዬ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ሽታው መኪናውን ሞላው። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ቄስ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ያዙ፣ አንዲት ሴት ሳለች፣ ረዳቱም፣ “ምንድን ነው የያዝከው? መስኮት ክፈቱ!” አለ። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፈቱ፣ ጉሙም ገባ፤ ቤንዚኑ የነካው ጭኔ ቀዘቀዘኝ።